የሐር ትል ሆድ

ሌሊቱ ሲጋመስ ከጓዳው የሚሰማው ድምፅ ዝናብ ይመስላል። ወይዘሮዋ ትል ማርባት በጀመሩበት ሰሞን ይህን ድምፅ ሲሰሙ ሁለት ጊዜ ከመኝታቸው ተነሥተው የተሰጣ በርበሬ ሊያስገቡ ወደ ደጅ ወጥተዋል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ፣ በከዋክብት የተሞላ ነበር። የሚያካፋው ውጭ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው። በሸንበቆ መደርደሪያ ላይ የተበተኑት ትሎች ቅጠል ሲቆርጡ፣ የአንዷ መንጋጋ ለብቻው የማይሰማ ድምፅ ከሌሎቹ ጋር ተደማምሮ የሐምሌ ካፊያ ያህል ይሆናል። ሐር ለሚያረባ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ዜማ የለም፤ ድምፁ ካለ ትሎቹ ይበላሉ፣ ከበሉም ደኅና ናቸው ማለት ነው።

ወይዘሮዋ የሚኖሩት በስምጥ ሸለቆ ካሉት ትናንሽ ከተሞች በአንዷ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጥጥ እየፈተሉ ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ እንዝርት ከእጃቸው ተለይቶ የማያውቅ ሴት ናቸው። ትሉን ያመጣላቸው በግብርና ሙያ የተመረቀው የእህታቸው ልጅ ነው። «እትዬ፣ ይህች ትል የምትበላው እዚያ አጥር ሥር የበቀለውን ጉሎ ነው። ከእርስዎ የምትፈልገው ቅጠልና ንጽሕና ብቻ ነው፤ ክሩን እንደ ጥጥ በእንዝርት ይፈትሉታል» አላቸው።

እውነቱን ነው የነገራቸው። ኤሪ የተባለችው ይህች የሐር ትል ከሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ ከአሳም ምድር የተገኘች ስትሆን፣ እንደ ታዋቂዋ የእንጆሪ ሐር ትል አንድ ወጥ ረጅም ክር አትሠራም። ኮኩን የሚባለው የክር ቤቷ ባንድ ጫፉ ክፍት በመሆኑ የእሳት ራቷ ጊዜዋ ሲደርስ በዚያው ትወጣለች፤ ባዶው ቤት ተቀቅሎ እንደ ባዘቶ ይፈተላል። ሁለቱም ዝርያዎች ለቀጣናችን እንግዳ አይደሉም። በኢትዮጵያ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አጥንቷቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ናይሮቢ ላይ የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የነፍሳት ጥናት ማዕከልም ከንብ ጎን ለጎን የሐር ትልን ለምሥራቅ አፍሪካ ገበሬዎች ሲያስተዋውቅ ቆይቷል።

ሁለቱ ዙሮች በሰላም አለፉ። ሦስተኛው ክረምት ላይ ዋለ። ለመስከረም የመጨረሻ ልጃቸውን ትምህርት ቤት የሚያስመዘግቡት ከዚህ ዙር ክር ሽያጭ ስለነበረ፣ ወይዘሮዋ ገና ከእንቁላሉ ጀምረው ቁጥሩን ጨምረው ያዙ። ትሎቹ አራት ጊዜ ቆዳቸውን ለውጠው አምስተኛውንና የመጨረሻውን የዕድሜ እርከን ጀመሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ጠዋት መደርደሪያውን ሲጠርጉ፣ ወትሮ እንደ ቁንዶ በርበሬ ደረቅና ጠንካራ የነበረው የትሎቹ ኩስ ረጥቦ አገኙት። ደስ አላቸው። ትሏ ክር ልትሠራ ስትደርስ ሆዷን ባዶ እንደምታደርግ፣ ኩሷም በዚያን ጊዜ እንደሚረጥብ ተነግሯቸዋልና፤ ፈጥነው የደረቀ የሙዝ ቅጠል በነዶ በነዶ አሥረው ሰቀሉላቸው።

አንዷም ትል አልወጣችበትም። ያን ሌሊት ጓዳው ፀጥ አለ። በማግስቱ የትሎቹ ገላ እንደ በሰለ ሙዝ ላልቶ፣ ሲነኩት የሚሰረጉድ ሆነ፤ ከቡናማ ወደ ጥቁር ሄደ፤ ክፍሉንም መጥፎ ጠረን ሞላው። በሦስተኛው ቀን ጉድጓድ አስቆፍረው ቀበሯቸው።

«ምን በልተው ነው?» አሉት የእህታቸውን ልጅ። «ቅጠሉ እኮ ያው ቅጠል ነው። ከዚያው ዛፍ፣ በዚችው እጄ የቀጠፍኩት።»

«ዝናብ ላይ ነው የቀጠፉት፣ እትዬ?»

«ታዲያ በክረምት ዝናብ ከየት ይታጣል?»

ልጁ ዝም አለ። ለእትዬ ጥያቄ መልስ መስጠት የትሏን ሆድ ከፍቶ ማሳየት ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ በአንድ ስኒ ቡና የሚያልቅ ወሬ አይደለም።

በእኛ ቋንቋ ሆድ ያልተሸከመው ነገር የለም። ታጋሹ ሆደ ሰፊ ነው፣ ስስታሙ ሆዳም፤ ምስጢር በሆድ ይያዛል፣ ቂምም በሆድ ያድራል፣ ያዘነ ሰው ሆድ ይብሰዋል። ስለ ትል ሲነሣ ግን ይህ ሁሉ ለጋስነት ይጠፋና «ሆዳም» የሚለው ብቻ ይቀራል። የስሙን አመጣጥ የቋንቋ ሊቃውንት ይፍረዱት እንጂ፣ «አባጨጓሬ» ሲባል ጆሮ ጨጓራን መስማቱ አይቀርም። ከግብሩም ጋር ይስማማል። የእንጆሪ ሐር ትል አንድ ወር ገደማ በሚሆነው የትልነት ዘመኗ ክብደቷ ከእንቁላል ስትወጣ ከነበረው ወደ 10,000 እጥፍ ያድጋል። በዕድሜዋ ከምትበላው ቅጠል ከመቶ ሰማንያው በላይ የሚገባው በመጨረሻው እርከን፣ በአንድ ሳምንት አካባቢ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለውን ፍጥረት ሆዳም ማለት ስድብ ሳይሆን መግለጫ ነው።

ይህን ሆድ በወጉ ከፍቶ ለዓለም ያሳየው ሐኪሙ ማርቼሎ ማልፒጊ ነው። በዘመኑ ነፍሳትን የመሰሉ ጥቃቅን ፍጥረታት በውስጣቸው ይህ ነው የሚባል ብልት የላቸውም ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ነበሩ። የለንደኑ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር ስለ ሐር ትል ያለውን ዕውቀት እንዲያካፍል በደብዳቤ ጠየቀው፤ እርሱም ጣሊያን ውስጥ ቦሎኛ ላይ ተቀምጦ ወራትን የፈጀ ጥናት አካሄደ። በትናንሽ መሣሪያዎች፣ በዘመኑ ደካማ አጉሊ መነጽር፣ ከጣት የማይረዝም ገላ እየከፈተ ሠራ። ትኩሳት ያዘው፣ ዓይኑም ተቃጠለ። ቢሆንም በሥራው የተሰማው ደስታ ሕመሙን እንዳስረሳው ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1669 ማኅበሩ ያሳተመለት መጽሐፍ ለአንዲት ትል ብቻ የተሰጠ የመጀመሪያው ሙሉ የአካል ጥናት ሆነ። ኩላሊት የሌላቸው ነፍሳት ቆሻሻቸውን ከደማቸው አጣርተው ወደ አንጀት የሚያፈሱባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ፤ የሐር ትል ስድስት አሏት።

ሲከፈት የሚታየው እጅግ ቀላል ነገር ነው። የሰው አንጀት ተጠቅልሎና ተጣጥፎ ሲቀመጥ የትሏ አንጀት ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የተዘረጋ ቀጥ ያለ ቱቦ ነው፤ ትሏ ራሷ በዚያ ቱቦ ዙሪያ የተሰፋች ቀጭን ልብስ ትመስላለች። ቱቦው በሦስት ይከፈላል። ፊተኛው አጭር ነው፤ የተቆረጠውን ቅጠል ይቀበልና ያሳልፋል። መካከለኛው ከሁሉ የሚበልጠው ሲሆን ምግብ የሚፈጨውና ወደ ደም የሚገባው እዚያ ነው። የኋለኛው ውኃውን መጥጦ ያስቀርና የተረፈውን ጨምቆ፣ ስድስት ሸንተረር ያለው ድቡልቡል ፍሬ አድርጎ ያወጣዋል። ወይዘሮዋ በየጠዋቱ የሚጠርጉት ያ ደረቅ ፍሬ የኋለኛው አንጀት ሥራውን በትክክል ስለ መሥራቱ የሚሰጥ ምስክርነት ነበር። አንድ ነገር ደግሞ ይጨመር፤ ፊተኛውና የኋለኛው አንጀት ውስጣቸው የተለበጠው እንደ ውጭ ቆዳዋ ባለ ሽፋን ነው። ስለዚህ ትሏ ቆዳዋን በለወጠች ቁጥር የእነዚህን የአንጀት ክፍሎች ገበርም አብራ ትጥላለች። ያን ጊዜ ለአንድ ቀን ያህል አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ሳትበላ፣ የምትጸልይ መስላ የምትቆመው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሦስት ክፍል ያለው ይህ ቱቦ የነፍሳት ሁሉ የጋራ ርስት ነው፤ እያንዳንዱ ወገን ግን ለኑሮው እንዲስማማ አድርጎ አበጃጅቶታል። ንብ በፊተኛው አንጀቷ ላይ የማር ከረጢት አላት። ከከረጢቱ ቀጥሎ ያለው መዝጊያ ካልተከፈተ አንዲት ጠብታ የአበባ ማር ወደ ራሷ ሆድ አታልፍም፤ ርቧት እንኳ ለቀፎው የተሸከመችውን ከራሷ ድርሻ ለይታ ታደርሳለች። እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 ከሶማሊያ እስከ ኬንያና ኢትዮጵያ ማሳውን ያራቆተው የበረሃ አንበጣ በቀን የራሱን ክብደት፣ ሁለት ግራም ያህል ይበላል። በአንጀቱ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከተበላው ቅጠል የሚሠሩት ጠረን በኩሱ በኩል እየወጣ አንበጦቹን አንድ ላይ ከሚያሰባስበው ሽታ ጋር ይደባለቃል። እንግዲህ የመንጋው ጥሪ ከፊሉ የሚመነጨው ከሆድ ነው ማለት ነው። ኩይሳ የሚሠራው የአገራችን ምስጥ ደግሞ እንጨት መፍጨቱን ለብቻው ስለማይወጣው በኩይሳው ውስጥ እንጉዳይ ይዘራል፤ እንጉዳዩ እንጨቱን ያላምለታል፣ ምስጡም መልሶ ይበላዋል። ከገላ ውጭ የተቀመጠ ሁለተኛ ሆድ ነው። የሐር ትል ግን እንዲህ ያለ ባልንጀራ የላትም። ለእንጨታማው የቅጠሉ ክፍል አትጨነቅም፤ ፕሮቲኑንና ስኳሩን በፍጥነት ትወስዳለች፣ ሌላውን ትጥላለች።

ለዚህ ፍጥነት የረዳት የመካከለኛው አንጀቷ ጠባይ ነው። የሰው ጨጓራ ኮምጣጣ ነው፤ በውስጡ ያለው አሲድ ከሎሚ ይበረታል። የትሏ ግን ተቃራኒ ነው፤ ፒኤች በሚባለው መለኪያ እስከ 10 ይደርሳል፣ ለሳሙና ውኃ የቀረበ ማለት ነው። የአንጀቷ ግድግዳ ሕዋሳት ያለማቋረጥ ፖታሲየም ወደ ውስጥ እየገፉ ይህን ጠባይ ያቆዩታል። ቅጠል እንዳይበላ ራሱን ከሚከላከልባቸው መንገዶች አንዱ ፕሮቲኑን አንቆ የሚይዝ ታኒን ነው፤ በዚህ ሳሙናማ ፈሳሽ ውስጥ ግን ታኒን እጁ ይላላል፣ ፕሮቲኑም ይሟሟል። ሻካራው ቅጠል ግድግዳውን እንዳይጭረው፣ ተሕዋስያንም በቀጥታ እንዳይነኩት፣ ምግቡ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ያልፋል።

ቅጠል ግን ከታኒን የከፋ መሣሪያም አለው። እንጆሪ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ስኳርን የሚመስሉ መርዞች ሞልተውበታል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት ሌሎች አባጨጓሬዎች ይህን ቅጠል ሲበሉ ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይማቸው ይታሰርና በጠገበ ሆድ ይራባሉ። የሐር ትል ኢንዛይም ግን በዚህ መርዝ አይታሰርም። ጉሎም ያው ነው፤ ፍሬው ሰው የሚገድል መርዝ ይዟል፣ ቅጠሉም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ ኤሪ ትል ግን ትጠግብበታለች። የዕፅዋት ሊቃውንት የጉሎን የትውልድ ስፍራ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ያቀርቡታል። ከአሳም የመጣችው ትል በስምጥ ሸለቆ አጥር ሥር ያገኘችው ምግብ፣ ባለ አገሩ ለምጣድ ማሟሻ ካልፈለገው በቀር ዞር ብሎ የማያየው፣ ከብትም የማይደፍረው ተክል ነው። መርዝ ስለሆነ ተፎካካሪ የለባትም።

አንድ ቅጠል የለመደ ሆድ በታሪክ ላይም ጥላ አሳርፏል። እ.ኤ.አ. በ531 ገደማ የቢዛንታዩ ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ወደ አክሱሙ ንጉሥ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ፣ አክሱማውያን ከሕንዶች ሐር ገዝተው ለሮማውያን እንዲሸጡ መለመኑን የታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ መዝግቧል። ነገሩ አልተሳካም፤ የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች ከሚቆሙባቸው ወደቦች ቀድመው እየደረሱ ጭነቱን ሁሉ ይገዙት ነበር። ከሃያ ዓመታት በኋላ መነኮሳት የትሏን እንቁላል በድብቅ ቁስጥንጥንያ አደረሱ ይባላል። ያለ እንጆሪ ዛፍ ግን እንቁላሉ ከአቧራ አይሻልም ነበር። የሐር መንገድ ስለ ግመሎቹና ስለ ነገሥታቱ ብዙ ተጽፎለታል፤ ስለ ዛፉ ግን እምብዛም።

ክሩስ? የሚገርመው ክሩ ከአንጀት አይወጣም። የሐር እጢ የሚባሉት ሁለቱ ረጃጅም ከረጢቶች ከአንጀቱ ግራና ቀኝ ተጣጥፈው የተኙ ሲሆኑ በአመጣጣቸው የምራቅ እጢዎች ናቸው። አንጀት ከቅጠሉ ያወጣው አሚኖ አሲድ በደም በኩል ወደ እነዚህ እጢዎች ይደርስና ፕሮቲን ሆኖ ይጠራቀማል፤ በመጨረሻው ሰዓት የእንጆሪ ሐር ትል ክብደት ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ይኸው ነው። ከከንፈሯ ሥር ባለች ቀጭን ቀዳዳ ሲወጣ ይጠጥርና ክር ይሆናል። በአማርኛ የበሰለ ሰው «ምራቁን የዋጠ» ይባላል። የሐር ትል ግን የምትበስለው ምራቋን ስትተፋ ነው። የአንዲት እንጆሪ ሐር ትል ምራቅ ሲተረተር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል። ከዚያ ወዲህ ምግብ የሚባል ነገር የለም። ከኮኩን የምትወጣው የእሳት ራት የሚበላ አፍ የላትም፤ የቀሩትን ጥቂት ቀናት የምትኖረው ትል ሳለች በበላችው ነው።

ይህ ሁሉ የሆድ ታላቅነት በአንድ በኩል ነው። በሌላ በኩል ሞትም የሚገባው በዚያው በር መሆኑን ሉዊ ፓስተር በብዙ ድካም ተረድቶታል። እ.ኤ.አ. በ1865 የደቡብ ፈረንሣይ ሐር አርቢዎች በበሽታ ሲጠፉ ወደ አሌስ ከተማ ተልኮ ሲሄድ፣ ከዚያ በፊት የሐር ትል በእጁ ይዞ አያውቅም ነበር። ለዓመታት ሲለፋ፣ በመሐል እ.ኤ.አ. በ1868 ግራ ጎኑ ሽባ ሆኖ ሲነሣ፣ ግራ ያጋባው አንድ በሽታ መስሎት የቆየው ነገር ሁለት መሆኑን አወቀ። አንደኛው ከእናት ወደ እንቁላልም የሚተላለፍ ነበር፤ ስለዚህ እንቁላል የጣለችውን የእሳት ራት ጨፍልቆ በማይክሮስኮፕ መመርመርና የታመመችውን እንቁላል መጣል በቂ ሆነ። ሁለተኛው ፍላሼሪ የተባለው የሆድ በሽታ ነው። ጤነኛ ትል ውስጥ የሚፈጨው ቅጠል በታመመችው ውስጥ ይብላላል፤ ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ ኩሷ ይረጥባል፣ ገላዋ ይላላል፣ ይጠቁራል። ዛሬ ቫይረሶችም የዚህ በሽታ ተባባሪዎች መሆናቸው ታውቋል። ቀስቃሾቹ ግን አርቢው በእጁ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ የታፈነ ክፍል፣ መጨናነቅ፣ ሙቀት፣ የሻገተ ወይም የረጠበ ቅጠል። የረጠበ ቅጠል ተሕዋስያንን ያራባል፤ ከመጠን ያለፈውም ውኃ ለኋለኛው አንጀት ሸክም ነው።

የወይዘሮዋ ስሕተት እዚህ ላይ ነበር፤ ስሕተት ከተባለ። እርጥብ ኩስ ሁለት ፍቺ አለው። ሆዷን አጽድታ ለክር የተነሣች ትልም፣ ሆዷ የፈረሰ ትልም ያንኑ ምልክት ታሳያለች። የሚለያቸው ሌላው ነው፤ ለክር የደረሰችው ገላዋ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እግሯ የማያርፍ፣ መውጫ የምትፈልግ ስትሆን፣ የታመመችው ትፈዛለች። ይህን ግማሹን ብቻ ሰምቶ መገኘት ከማንም ላይ የሚደርስ ነው። ግማሽ ምክር ሰጥቶ የሚሄድ የሙያ ሰው ግን ይህን ቢያስብበት ደግ ነበር።

ከዚህ ዘመን ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1901 ጃፓናዊው ኢሺዋታ ትሎችን በድንገት የሚገድል ባክቴሪያ አገኘ። ከአሥር ዓመት በኋላ ጀርመናዊው በርሊነር ይህንኑ ወገን ከዱቄት ትል ላይ አግኝቶ ገለጸውና ቱሪንገን ከተባለው አውራጃ ስም አወጣለት። ባክቴሪያው የሚሠራው ቅንጣት በሰው አሲዳማ ጨጓራ ውስጥ የሚጎዳ ነገር አይሆንም። በአባጨጓሬ ሳሙናማ አንጀት ውስጥ ግን ይሟሟል፣ በኢንዛይሞች ይነቃል፣ ግድግዳውን ይበሳሳል። ቅጠልን ምግብ ያደረገው ያው ጠባይ መርዙንም ይቀሰቅሰዋል። ዛሬ የዚህ ባክቴሪያ ዱቄት ተባይ ለመከላከል በውኃ ተበጥብጦ ይረጫል፤ ዘረ መሉም ወደ ጥጥ ገብቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ኬንያም በ2019 መጨረሻ ይህን ጥጥ ለእርሻ ፈቅደዋል። የጥጡን ጎጂ ትል የሚገድለው የሐሯንም ትል አንጀት አይምርም፤ ርጭቱ በነፋስ ወደ ጉሎው አጥር ከደረሰ ዘመድ ከባዕድ አይለይም። አርቢው ጎረቤቱ ምን እንደሚረጭ የመጠየቅ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም አለበት።

ልጅቱ በዚያ መስከረም ተመዘገበች፤ ወይዘሮዋ ገንዘቡን ያገኙት የዕቁብ ተራ ለምነው ነው። መደርደሪያዎቹን በሙቅ ውኃ አጠቡ፣ ፀሐይ ላይ አሰጡ፣ ወለሉን ኖራ ነሰነሱበት። የእህታቸው ልጅም በዚህ ጊዜ ቁጭ ብሎ በወረቀት ላይ ቱቦውን ከነሦስት ክፍሉ ሣለላቸው። እርሳቸውም ረጅም ጊዜ አይተውት «ታዲያ ይህቺ ትል ሁለመናዋ አንጀት ነው በለኛ» አሉ።

አዲስ እንቁላል የተቀበሉት በጥቅምት ነው። የጠዋቱን ጤዛ ፀሐይ ሳይመታው ቅጠል አይቀጥፉም፤ የቀጠፉትንም አሮጌ ነጠላ ላይ አስጥተው፣ በእጃቸው አገላብጠው፣ ደርቆ ሲንኮሻኮሽ ብቻ ያቀርባሉ። በየጠዋቱ ከኩሱ አንድ ፍሬ አንሥተው በጣቶቻቸው መካከል ያሹታል። በአምስተኛው እርከን መጨረሻ አንድ ቀን ፍሬው ረጥቦ ተገኘ። ወይዘሮዋ ምንም አልተናገሩም። አንዲት ትል አንሥተው ወደ መስኮቱ ወስደው ከብርሃኑ ጋር አስተያዩዋት፤ በመሐሏ ይታይ የነበረው ጥቁር የቅጠል ጥላ ጠፍቶ ብርሃኑ አለፈባት። መዳፋቸው ላይ አላርፍ ብላ ወደ ክንዳቸው መውጣት ጀመረች። የሙዙን ቅጠል ሰቀሉ።

ያን ሌሊት ጓዳው ፀጥ አለ። ወይዘሮዋ እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ሊነጋጋ ሲል ኩራዝ ይዘው ገቡና የመጀመሪያውን ነዶ በቀስታ ገለጥ አድርገው ተመለከቱ። ከደረቀው ቅጠል እጥፋት ውስጥ፣ ወዲያና ወዲህ ከምትወዛወዝ ትንሽ ራስ ሥር፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ነገር ተጀምሯል።